ቀይዋ መኪና የቆመችበት ቦታ

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር እስክሪብቶውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። የሰነበትነው እኛ ነን። አንተ ከሄድክ ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው ገብቷል። ይህ ደብዳቤ ሩቅ አገር አይሄድም። ከቤታችን በር እስከ መቃብርህ በእግር ሩብ ሰዓት ነው፤ በቀይዋ ከሆነማ ሞተሩ ሳይሞቅ ይደረሳል። እኔ ግን ያቺን ሩብ ሰዓት ስንት ጊዜ ተመላልሼባት፣ መቃብርህ አጠገብ ቆሜ፣ ልነግርህ የመጣሁትን ሳልነግርህ ተመልሻለሁ። አፌ እምቢ ካለ እጄን ልሞክር ብዬ ነው የምጽፍልህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ላድርስህ። ከመንገድ ስትገባ ጫማህን ሳታወልቅ የምትጠይቀው እሱን ነበር።

እማዬ ደህና ናት፤ ይህ ደህና ከተባለ። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ዶሮዎቿን ትቆጣለች። ቀይዋ ውስጥ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልገባችም። ቅዳሴ በእግሯ ነው የምትሄደው፣ ዝናብ ቢሆንም። ባለፈው ለዓይኗ መቱ ከተማ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲኖራት እንኳ በሕዝብ ሚኒባስ ተሳፈረች፤ እኔ ደግሞ ምናልባት ብትደክም ብዬ ባዶ መኪና ይዤ ከኋላዋ ስከተል ዋልኩ። ያየን ሰው ምን እንዳለ እንጃ። አኩርፋኝ አይደለም። ጋቢናው ውስጥ አንተ አለህ ትላለች፣ ይኸው ነው መልሷ። አንተ የምትቀመጥበትን ወንበር ልብስ አውልቄ አጥቤ መለስኩት፤ አሁንም አለ ትላለች።

ሌላው ትልቁ ወሬ ዳገታችን የለም። ባለፈው በጋ ግሬደር መጥቶ፣ መንገዱ ይሰፋል ተብሎ፣ በቤታችን ፊት የነበረውን ዳገት ቆርጦ ሜዳ አደረገው። ሰፈሩ ደስ ብሎታል። ጎርፉ ቤት አይገባም፣ ሽማግሌዎቹ በጭቃ አይንሸራተቱም፣ ባጃጅ ሳትገፋ ትወጣለች። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ ሳለቅስ ያየኝ የግሬደሩ ሾፌር ለአጥራችን የተጨነቅሁ መስሎት፣ «አይዞሽ እህቴ፣ አጥሩን አልነካም» አለኝ። ሰውየው ደግ ነው። ምን እየቆረጠ እንደሆነ በምን ይወቅ።

አሁን ስለ መኪኖችህ ላውራ። ለቀባሪው አረዱት ነው የሚሆንብኝ፣ ከአንተ በላይ የሚያውቃቸው የለምና። ቢሆንም እኔ ከጎንህ ተቀምጬ ያየሁትን አንተ መሪ ይዘህ አላየኸውም።

የመጀመሪያዋ ላንድሮቨሯ ናት። እኔ ሳልወለድ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ያወጣሃት። አረንጓዴ ነበረች ትሉ ነበር፤ እኔ ግን የማውቃት የጭቃ ቀለም ይዛ ነው። የግራ በሯ በሽቦ ይታሰራል። ሸራዋ ተበሳስቶ ስለነበር እማዬ ከውጭ ይልቅ ውስጧ ይዘንባል እያለች ጃንጥላ ዘርግታ ትቀመጥባት ነበር፣ አንተም ትስቃለህ። ወለሏ ላይ፣ ልክ እኔ እግር ሥር፣ የዝገት ቀዳዳ ነበረ። ሌላ ልጅ መንገድ የሚያየው በመስኮት ነው፤ እኔ በዚያ ቀዳዳ ነው። ጠጠሩ፣ ኩሬው፣ የከብቱ ዱካ ከሥሬ ሲሮጥ ማየት ምን ያህል እወድ እንደነበር ታስታውሳለህ። አንድ ቀን የገና ጫማዬ አንደኛው እግር በቀዳዳው ወደቀ። ወርደህ እየዘነበብህ ጫካ ለጫካ ፈለግህ፣ አላገኘኸውም። እኔን ግን አልተቆጣህም። መኪናዋን ነው የተቆጣኸው፣ ጎማዋን በእርግጫ መትተህ። በማግስቱ ቀዳዳውን በዘይት ቆርቆሮ ደፈንከው፣ እኔም ማያዬን ስለዘጋህብኝ ሳምንት አኮረፍኩህ።

ጫማው አልወደቀም አባዬ። እኔ ነኝ የጣልኩት፣ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን ላይ ብዬ። እስከ ዛሬ አልነገርኩህም። ከዚህ ይጀምር።

ሁለተኛዋ ፔጆዋ ናት፣ የአንድ ክረምት እንግዳ። እማዬ በሕይወቷ እንደ እመቤት የተቀመጠችው በእሷ ብቻ ነው። ጥሩ መኪና ነበረች፣ አገሯን ተሳስታ መጣች እንጂ። ሆዷ ዝቅ ያለ፣ የእኛ መንገድ ደግሞ ክረምት ላይ መንገድ ሳይሆን ወንዝ የሆነ። በወጣች ቁጥር በሬ እየተፈለገ ስትጎተት፣ ኦቦ ገመቹ፣ ከአጥራችን ማዶ ያለው ጎረቤታችን፣ ይህቺ መኪና ነዳጇ ሣር ነው ወይ እያለ ሲያበሽቅህ ከረመ። መስቀል ሳይደርስ ሸጥካት። እማዬ ለቅሶ ቀረሽ ሆና ሸኘቻት።

ሦስተኛዋ ቀይዋ ናት፣ ነጠላ ጋቢና ፒካፗ። እሷን ስትገዛ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ከአንተ በፊት ሁለት ባለቤት ለውጣ፣ ማስነሻ ሞተሪኖዋ ሰልችቶት፣ ቁልፍ ሲዞር አንዴ የምትሰማ አንዴ የማትሰማ ሆና ነው የመጣችልን። መካኒኩ ይቀየር ሲልህ እሺ ትላለህ፣ ግን አትቀይርም። ለምን ትቀይራለህ፣ ቁልቁለት እያለህ።

አራተኛዋን መኪና አንተ አትቆጥራትም ነበር። የእኔ ባጃጅ ናት። መቱ ላይ ከሆስፒታሉ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ስመላለስባት የኖርኩት ሰማያዊ ባጃጄ። ሴት ሾፌር ብርቅ ሆና ሰው ዞሮ ሲያየኝ፣ አንተ ደግሞ እዚህ ሰፈራችን ኖፓ ለጠየቀህ ሁሉ «ልጄ መኪና የላትም፣ ጃንጥላ ከነጎማው ነው ያላት» ትል እንደነበር ሰምቻለሁ። ያም ሆኖ መቱ በመጣህ ቁጥር ከእኔ ባጃጅ በቀር አትሳፈርም ነበር። ከኋላ ተቀምጠህም በየመታጠፊያው የሌለ ፍሬን ትረግጣለህ። በመስተዋቱ አይህ ነበር።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ ልምጣ። 

የእኛ ቤት ሕግ አንድ ነበር። መኪና የሚያድረው ከበራችን ፊት፣ ፊቱን ወደ ቁልቁለት አዙሮ፣ የቀኝ የፊት ጎማው ሥር ጥቁሯ የወንዝ ድንጋይ ተደርጋ ነው። ሌላ ሰው ታኮ ከእንጨት ይጠርባል፣ አንተ ድንጋይ ከወንዝ መርጠህ አመጣህ፣ እንጨት ይበሰብሳል ብለህ። ጠዋት ድንጋዩን ማንሳት የእኔ ሥራ ነበር። ቀይዋ ድምፅ ሳታሰማ ትንሸራተታለች፣ የኦቦ ገመቹ የባሕር ዛፍ ጋ ስትደርስ ፍሪሲዮኑን ትለቃለህ፣ ሞተሩ አንዴ ተንገራግጮ ይነሳል። ስትለማመጣት በኦሮምኛ ነበር፣ «ኮቱ ኢንታላ ኮ» እያልክ፣ ነይ ልጄ እያልክ። ለምን በአማርኛ አታናግራትም ስልህ እዚህ ጭቃ ውስጥ ያደገች መኪና ናት፣ የአገሯን ቋንቋ ነው የምትሰማው አልከኝ። ሰፈሩ ሰዓት የሚያውቀው በዚያ ድምፅ ነበር። «ባትሪ እንደ ሰው ነው፣ አንድ ቀን ይከዳሃል። ቁልቁለት ግን የእግዜር ነው፣ አይከዳም።» ይህን ያልሰማ የኖፓ ሰው የለም።

ይህ ደግሞ ለጨዋታ ብቻ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ከገጠሩ በቃሬዛ የወረደ በሽተኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እኛ በር ላይ ነበር። ምጥ የጠናባት፣ ከዛፍ የወደቀ፣ እባብ የነደፈው። እራት እየበላህ ተነስተህ እጅህን በሱሪህ ጠርገህ ትሄዳለህ። ድንጋዩ ይነሳል፣ ቀይዋ ትንሸራተታለች፣ ዛፉ ጋ ትነሳለች። አንድ ቀን እንኳ አልነሳም ብላ አታውቅም። በኋላ ማር ይዘው ሲመጡ እምቢ ብለህ፣ እማዬ ከጓሮ በኩል ስትቀበላቸው እንዳላየህ ታልፋለህ።

ከዚያ ዓይንህን ሞራ ያዘው። ኦቦ ገመቹ ደውሎ፣ አባትሽ ትናንት ላም ነው ብሎ ለቁጥቋጦ ጥሩንባ ሲነፋ ነበር፣ ነይ አለኝ። እየሳቅሁ ነው የመጣሁት፣ ስደርስ ግን ሳቄ ጠፋ። ቁልፉን ከኪስህ አውጥተህ ሰጠኸኝ። ባጃጇን ሸጥኩ። በገንዘቡም ሳላማክርህ ቀይዋን መቱ ወስጄ አዲስ ባትሪ አስገባሁላት፣ ሞተሪኖዋንም አስጠገንኩ። ስመለስ በርህ ላይ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ቁልፉን አዙሬ አስነሳሁ፤ አጥፍቼ ደግሜ አስነሳሁ። እንደ ልጅ ነበር ያደረገኝ። አንተ በረንዳው ላይ ቆመህ ሰማህና «ጥሩ ነው። ድንጋዩን ግን አትርሺ» አልከኝ። እኔም እሺ አልኩ። ለአንድ ዓመት ያህልም እሺ እንዳልኩ ኖርኩ፤ በሆዴ ግን ይህ የአሮጌ ሾፌር አምልኮ ነው እል ነበር።

ያ ቅዳሜ የኦቦ ገመቹ ልጅ የአያንቱ ሠርግ ዋዜማ ነበር። አንተ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ደክሞህ ነበር፣ ከኋለኛው ክፍል አልወጣህም። ቀይዋ ሙሽራዋን ልትሸኝ ተመርጣለች። እኔም ከኦቦ ገመቹ ግቢ ሜዳው ላይ፣ ድንኳኑ አጠገብ አቁሜ አጠብኳት። ሴቶቹ በሪባንና በአበባ አስጌጧት። ከዳገቱ ላይ ብትቆም ሊያስጌጧት አይመችም፣ ያላፊ አግዳሚው ጭቃ ይረጫታል፤ ስለዚህ እዚያው ትደር አልኩ። ደግሞም ዘፈን ጎድሎ ነበርና በሮቿን ከፍቼ የቀይዋን ቴፕ ለቀቅኩላቸው። ከሰዓት በኋላ እስኪመሽ ተጨፈረ። እኔም ጨፍሬያለሁ አባዬ፣ ለምን እደብቅሃለሁ። ነፋስ ተነስቶ የድንኳኑን ገመድ ሲነቅለው ከባድ ነገር አምጡ ተባለ። ሮጬ ጥቁሯን ድንጋይ አመጣሁላቸው። በገመዱ ላይ ጫንናት። እሷም ሠርግ ዋለች ብዬ አስቄያቸዋለሁ።

ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት ቁርስህን ጀምረህ ተውከው፣ ደረቴን ጨመቀኝ አልክ። ግንባርህን በእጄ ስነካው ላብ ነበር፣ ቀዝቃዛ ላብ። እማዬ ደግፋህ እኔ ወደ ቀይዋ ሮጥኩ። ቁልፉን አዞርኩ። ቅጭ አለች። ደግሜ አዞርኩ፣ ቅጭ። ቴፑ ባትሪውን ሲጠጣው ውሎ ነበር።

ሰው ጠፍቶ አልነበረም፤ ይህን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ። ሠርግ ቤት ነው፣ ሞልቶ ነበር። ሚዜዎቹ ነጭ ሸሚዛቸውን ሰብስበው፣ ኦቦ ገመቹ ራሱ በአዲስ ሱፉ፣ «ዺባ! ዺባ!» ግፉ ግፉ እያለ ከኋላ ገቡ። እኔ መሪው ላይ ነበርኩ። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን በለቀቅሁ ቁጥር ጎማው ጭቃው ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይዞርም። ወደ እኛ በር እንገፋት አሉ፣ ዳገታችን ላይ ብትደርስ ትነሳለች ብለው። ከእነሱ ግቢ እስከ በሩ ግን ሽቅብ ነው። የኋላ ጎማዋ በድንኳኑ ዙሪያ ለጎርፍ በተቆፈረው ቦይ ውስጥ ገባና ቀረች። ሪባኑ ተጎትቶ ጭቃ ላይ ወደቀ። የእኛ በርና ያቺ ቁልቁለት እዚያው፣ ከአጥሩ ማዶ ይታዩኛል። ድንጋይ ተወርውሮ የሚደርስበት ርቀት ነው።

የጠዋቱ ሚኒባስ ገና በማለዳ ወደ መቱ ሄዷል። ደወልን፣ ስልኩ እያለ ይጠፋል። ምን ያህል ጊዜ እንደጠበቅን ሰዓት አላየሁም። እማዬ አንድ ሰዓት ትላለች፣ ኦቦ ገመቹ ከዚያ ያነሰ ነው ይላል፤ እንዲቀለኝ ብሎ ይመስለኛል። በመጨረሻ ከመቱ የሙሽራው ወገን መኪኖች መጡ፣ እንደ ወጉ ጥሩንባቸውን እየነፉ፣ አበባ ተጭነው፣ ምንም ሳያውቁ። ኦቦ ገመቹ መንገዱ መሃል ቆሞ የመጀመሪያውን ሚኒባስ አስቆመ። ሽማግሌዎቹን አስወረደ። ልጁን የሚድርበትን መኪና አዙሮ ሰጠን። አንተ እንግዲህ በሙሽራ መኪና ነው መቱ የሄድከው፣ በየመንደሩ ሰው እልል እያለልን።

ራስህ ጭኔ ላይ ነበር። የባሕር ዛፎቹን እንዳለፍን ዓይንህን ከፈትክና ታኮው ቦታው ላይ ነው ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። አልገባኝም መጀመሪያ። ቀስ ብለህ አስረዳኸኝ፤ ሰው ሲጯጯህ ሰምቻለሁ፣ በችኮላ ድንጋዩን አንስታችሁ ትታችኋት ከሆነ ተንሸራታ ልጅ እንዳትመታ አልከኝ። ከኋለኛው ክፍል ሆነህ ግፉ ግፉ ሲባል ብቻ ነበር የሰማኸው። ቀይዋ በራችን ላይ፣ ፊቷን ወደ ቁልቁለት አዙራ ያደረች መስሎሃል። እኔም «አለ አባዬ፣ ቦታው ላይ ነው» አልኩህ። «ታዲያ ቁልቁለቱ እንዴት እምቢ አለ?» አልክ። እንደመገረም አድርገህ ነው ያልከው።  እጄን ያዝከኝና ያቺን አሮጊት ተያት፣ አንቺ ምን ታደርጊ አልከኝ። ያን ቀንም መኪናዋን ነው የተቆጣኸው። ከዚያ በኋላ አልተናገርክም። መቱ ስንገባ ሐኪሞቹ ሮጠው ነው የተቀበሉን፣ ደግ ሰዎች ናቸው፤ ግን ብዙም ሳይቆዩ ወጡ። ትንሽ ቀደም ብንል ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ፈርቼ ነው። ዛሬ ብጠይቅ ማን ያስታውሰኛል። እንግዲህ እስክሞት አላውቀውም።

ከቀብርህ በኋላ ሚዜዎቹ ቀይዋን ከቦዩ አውጥተው፣ በበሬ ጎትተው፣ ድንጋዩን ከጎማዋ ሥር መልሰው ዳገታችን ላይ አቆሟት። በሦስተኛው ቀን ድንጋዩን አነሳሁ። ተንሸራተተች፣ ዛፉ ጋ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ፣ ተነሳች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው። ሞተሩን ሳላጠፋ መሪው ላይ ተደፍቼ ስጮህ ሰፈሩ ሰማ።

ማንም አልወቀሰኝም። ይህ ነው የባሰው። ለቅሶ የመጣ ሁሉ «ጃባዹ፣ በርቺ፣ ቀኑ ደርሶ ነው» ይለኛል። ኦቦ ገመቹ «ኢንታላ ኮ፣ ጥፋቱ የእኔ ድግስ ነው» ብሎ ከእኔ ሊሸከምልኝ ሞከረ። አያንቱ እስከ ዛሬ የሠርጓን ፎቶ ግድግዳ ላይ አልሰቀለችም። እማዬም ታውቃለች፣ ደጅ ወጥታ በዓይኗ አይታለች፤ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ሜዳ ላይ እንዳቆምኳት አገር ያውቃል። ሳታውቅ የሄድከው አንተ ብቻ ነህ።

አሁንም የምነዳው ቀይዋን ነው። ሌላ ሥራ አላውቅም። በሽተኛም አደርሳለሁ፣ አሁንም በቃሬዛ እኛ በር ላይ ያወርዷቸዋል። በዚህ በሚያዝያ አንዲት ምጥ የጠናባት ልጅ ወስጄ በሰዓቱ ደርሼ በሰላም ተገላገለች፤ ለሕፃኗ ስሜን ሊያወጡላት ነበር። እምቢ አልኩ። የወላዷ እናት እጄን ስትስም ለእሷ ደርሼ ለአንተ አለመድረሴ ብቻ ነበር የታየኝ። ሰው ሲመርቀኝ ምርቃቱ አይገባኝም። ይህ ይለፍ ይሆን ብዬ ጠብቄ ነበር። ሁለት ክረምት ጠብቄ አላለፈም፣ የሚያልፍም አይመስለኝም።

ዳገታችን ስለተቆረጠ ቀይዋ አሁን የምታድረው ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለው ዳገት ላይ ነው፣ ከመቃብርህ አጥር ዝቅ ብላ። ወደ ማታ አቆማትና በእግሬ እመለሳለሁ። ሞተሪኖዋ ደህና ነው፣ ባትሪውም ሌላ ተቀይሯል፤ በቁልፍ ትነሳለች። እኔ ግን በቁልፍ አላስነሳትም። ጠዋት መጥቼ ድንጋዩን አነሳለሁ፣ ቀይዋ ትንሸራተታለች፣ ታች ስትደርስ ትነሳለች። እስካሁን አንድ ቀን እንኳ እምቢ አላለችም። እየነዳሁ እስካለሁ እንዲህ አደርጋለሁ፣ እጄ መሪ መያዝ ሲያቅተውም ድንጋዩ የት እንደሚገባ አልረሳም። ያንተን ነገር የማስታውስበት ሌላ መንገድ አልተረፈኝም። በቁልፍ ተነስታ እንደሆነ፣ ተንሸራታ እንደሆነ ከላይ ሆነህ ይሰማህ እንደሆነ አላውቅም። ሙታን እንደማይሰሙ የሚነግረኝ ሰው ብዙ ነው።

ቢሆንም ይህን ልጻፈው። በሚኒባሱ ውስጥ የጠየቅኸኝን ጥያቄ ዋሽቼ ነው የመለስኩልህ። ድንጋዩ ቦታው ላይ አልነበረም፣ የድንኳን ገመድ ይዞ ነበር። ቀይዋም በራችን ላይ አልነበረችም፣ ሜዳ ላይ ነበረች፣ እኔ ነኝ ያቆምኳት። ዕድሜህን ሙሉ ያመንከው ነገር በመጨረሻው ቀን የከዳህ መስሎህ፣ እንደገረመህ ሄድክ። አይግረምህ አባዬ። ቁልቁለቱ አልከዳህም።

ልጅህ አስቴር